የሞተር ሳይክል ዋስትና በብቸናና በሞጣ፦ ደብተሩ የሚሸፍነውና ሕጉ የሚሸፍነው

በምሥራቅ ጎጃም ገበያዎች ዋስ ማለት በመጀመሪያ ሰው ነው። በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ገበሬ ሻጩን ካላወቀው «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ከብቱ የስርቆት ሆኖ ቢገኝ ወይም የተደበቀ ነውር ቢወጣበት ገዢው የሚሄደው ወደዚያ ዋስ ቤት ነው። ዋሱ አገሩ የታወቀ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን የሚገኝ፣ ሽማግሌ ቢላክበት እምቢ ማለት የሚያሳፍረው ሰው ነው። ብቸና ወይም ሞጣ ላይ አዲስ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው የሚቀበለው ዋስትና ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የታተመ ደብተር ነው። የዋሱ ስም በደብተሩ ላይ ተጽፏል፤ ቤቱ ግን ሩቅ ነው።

ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ነው። በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት የእነማይና የሁለት እጁ እነሴ ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል የሥራ መሣሪያ ነው። የግብርና ባለሙያ በእርሱ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል፤ ነጋዴ ጤፍ ይጭንበታል፤ ወጣቱ መኪና ከማይደርስበት ገጠር ሰው ያመላልስበታል። የሚገዛውም ከብት ተሽጦ፣ ቤተሰብ አዋጥቶ ወይም ከብድር ተቋም ተበድሮ ነው። ሞተሩ በሦስተኛው ወር ማጨስ ቢጀምር ሥራው ይቆማል፤ የብድሩ ክፍያ ግን አይቆምም።

በዚህ ጊዜ ገዢው የሚያነሣው ደብተሩን ነው። ደብተሩ ግን ካሉት ሁለት ዋስትናዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሕጉ በሻጩ ላይ የጣለው ግዴታ ነው። ሁለቱ የሚሸፍኑት ነገር፣ የሚቆዩበት ጊዜና የሚጠየቀው ሰው ይለያያል። በአማርኛ ሁለቱም «ዋስትና» መባላቸው፣ በዚያ ላይ የፍርድ ቤት ዋስትናም የብድር ዋስትናም በዚሁ ቃል መጠራታቸው ለመደባለቁ አንድ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በገበያው ላይ ያለው ሰው «ጋራንቲ» የሚለውን የውጭ ቃል ይመርጣል፤ ሲል ግን የሚያስበው ደብተሩን ብቻ ነው። መድንም እንዲሁ ከዋስትና ጋር ይምታታል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሞተሩ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለሞተሩ ለራሱ ብልሽት አይከፍልም።

ደብተሩ

የአምራች ዋስትና አወቃቀሩ የትም አገር ተመሳሳይ ነው። አንድ የጊዜ ጣሪያና አንድ የኪሎ ሜትር ጣሪያ ይቀመጣል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የተደረሰበት ዋስትናውን ይዘጋል። ይህ «ቀድሞ የተደረሰበት» የሚለው ሐረግ በሞተሩ ለሚተዳደር ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ዓመት ወይም 30,000 ኪሎ ሜትር የሚል ዋስትና ቢሰጥ፣ በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተረኛ በ300 የሥራ ቀን ይጨርሰዋል። ለመሥሪያ ቤትና ለቤት ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ሁለቱን ዓመት ሙሉ ሲያገኝ፣ ዋስትናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሞተረኛ ከዓመቱ ብዙም ሳይርቅ ያለ ዋስ ይቀራል።

ዋስትናው ከአገር ወሰን ጋር የተሳሰረ መሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባጃጅ ኩባንያ ህንድ ውስጥ ለአገሩ ገዢዎች እስከ አምስት ዓመት ወይም 75,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ዋስትና ሲሰጥ ቆይቷል። ያው ኩባንያ የሠራው ቦክሰር ሞጣ ላይ ሲሸጥ ግን ያንን ዋስትና ይዞ አይመጣም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቃል የሚገባው አስመጪው ወይም ወኪሉ ነውና የሚያስረው በራሱ ደብተር ላይ የሰፈረው ብቻ ነው። በወኪሉ በኩል ሳይሆን በሌላ ነጋዴ እጅ የገባ ሞተር ደግሞ መልኩና ስሙ አንድ ቢሆንም ከወኪሉ ዘንድ የሚጠየቅበት ነገር የለም።

ደብተሩ የሚሸፍነው የማምረት ጉድለትን ነው። የተሰነጠቀ ብሎክ፣ በትክክል ያልተበየደ ሻንሲ፣ ያለጊዜው የተበላ የማርሽ ጥርስ፣ የማይሠራ የዘይት ፓምፕ፣ በራሱ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ክፍል በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በአጠቃቀም የሚያልቁ ዕቃዎች አይሸፈኑም። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሰንሰለትና ጥርሱ፣ ጎማ፣ አምፖል፣ ካንዴላ፣ የአየርና የዘይት ማጣሪያ፣ ገመዶች ገዢው በራሱ የሚለውጣቸው ናቸው። ባትሪና ጎማ አንዳንዴ ከሌላ አምራች ስለሚመጡ የየራሳቸው አጭር ዋስትና ሊኖራቸው ይችላል። አደጋ፣ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ የተበከለ ነዳጅ፣ ኦሪጅናል ያልሆነ መለዋወጫና ባልተፈቀደለት ጋራዥ የተደረገ ጥገና ደግሞ ዋስትናውን በከፊል ወይም በሙሉ ያስቀራሉ። በኪራይ የሚሠራ ሞተር ከሽፋን ውጭ የሚሆንበት ደብተርም አለ።

የዚህ ክፍፍል አመክንዮ ከአስተማማኝነት ጥናት የሚመነጭ ነው። የአንድ ማሽን የብልሽት መጠን በጊዜ ሂደት ሲሣል የገንዳ ቅርጽ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፋብሪካ ይዟቸው የመጡት ጉድለቶች ይወጣሉና ከፍ ይላል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ዕቃው ሲያረጅ እንደገና ይወጣል። አምራቹ ዋስ የሚሆነው ለገንዳው የመጀመሪያ ጠርዝ ሲሆን ዋጋውንም በሽያጩ ላይ አስቀድሞ ደምሮታል። ገዢው «ነፃ» ብሎ የሚያስበው ጥገና የተከፈለበት ነው።

በተግባር ክርክሩ የሚነሣው ጉድለቱ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው። በ3,000 ኪሎ ሜትር ሰማያዊ ጢስ የሚያወጣ ሞተር ዘይት እያቃጠለ መሆኑ አያከራክርም። ምክንያቱ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል፤ የፒስተኑ ቀለበት ከፋብሪካ ጀምሮ በትክክል አልገጠመ ይሆናል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ሳይጸዳ ቆይቶ አቧራ ሲሊንደሩን ፈግፍጎታል። የመጀመሪያው የአምራቹ ነው፤ ሁለተኛው የባለቤቱ። መካኒኩ ሲፈታው ማጣሪያውን፣ የአየር መግቢያ ቱቦውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ አይቶ ይለያል። ከማጣሪያው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ አቧራ ከተገኘ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ስለዚህ በዋስትና ሊጠይቅ ያሰበ ባለቤት ሞተሩን በአካባቢው ጋራዥ ካስፈታ በኋላ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። የወኪሉ ባለሙያ የሚያየው የተነካካ ሞተር ነው፤ መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው።

መንገዱና ከፍታው

ደብተሩ የተጻፈው የወኪሉ ጋራዥ በከተማው ውስጥ ላለ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስ ብዙ ጊዜ በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወይም በአንድ ወር ውስጥ እንዲደረግ ይጠይቃል። በአዲስ ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ሲላመድ የሚረግፈው ብናኝ ከዘይቱ ጋር መውጣት ስላለበት ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ሰርቪስ ከታለፈ ዋስትናው ሊቀር ይችላል።

ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሞተሩን እየነዱ ሄዶ መመለስ 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ500ው ግማሽ ገደማ የሚያልቀው ለሰርቪሱ በሚደረገው ጉዞ ላይ ነው። የብቸናው ገዢ ሞተሩን የገዛው አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ከሆነና ሰርቪሱንም እዚያው እንዲያደርግ ከተጠየቀ ደግሞ የአንድ ጉዞው መንገድ ብቻ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ከመጀመሪያው ሰርቪስ ርቀት በራሱ ይበልጣል። በመካከሉም ደጀንን አልፎ የዓባይ በረሃ አለ። አዲስ ሞተር በመላመጃው ጊዜ እንዳይጨነቅ፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ እንዳይነዳና በከባድ ዳገት እንዳይፈተን ያው ደብተር ያዝዛል። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል የሚወጣ መንገድ ከዚህ ትእዛዝ ጋር አይስማማም። አንዱን የደብተሩን ገጽ ለማክበር ሌላውን መጣስ ግድ ይሆናል። በአይሱዙ ጭኖ መላክ ሌላው አማራጭ ነው፤ የጭነቱ ዋጋና የጠፋው የሥራ ቀን ግን በማንም ዋስትና አይሸፈኑም።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነለትን ነዳጅ ማስገባቱን ይቀጥላል፤ ቅልቅሉ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የማስተካከያ ጉዳይ ነው። ሆኖም ገዢው «ከፋብሪካው ደካማ ሆኖ የመጣ ሞተር» ብሎ ያምናል። መካኒኩ የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ ለውጦ ቢያስተካክልለት ሞተሩ ይድናል፤ ማስተካከያው ያልተፈቀደ ለውጥ ተብሎ ዋስትናውን ሊያስቀር መቻሉ ግን አስገራሚ ነው። ነዳጅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ቅልቅሉን በራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህ ችግር የለባቸውም።

ነዳጁስ? ማደያ ሲደርቅ ሞተረኛው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ይገዛል። ውኃ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበት ቢሆን የሚያውቀው ሞተሩ ሲያስቸግረው ነው። «የተበከለ ነዳጅ» የሚለው የደብተሩ ቃል በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በወኪሉ በኩል ይቆማል። የዋልካ አፈር ጭቃም በክረምት በሰንሰለቱና በጎማው መካከል እየተጠቀጠቀ ሰንሰለትና ኩሽኔታ ይጨርሳል፤ ይህ ግን በማንኛውም ሚዛን የአጠቃቀም ጉዳት ነው።

ሻጩ በሕግ ፊት

ደብተሩ ባይኖር እንኳ ሻጩ ነፃ አይወጣም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕቃ ሽያጭ በደነገገበት ክፍል፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኃላፊ እንደሚሆን ያስቀምጣል። ቁጥር 2289 እንደሚለው ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጥራት ከሌለው ሻጩ ይጠየቃል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለገዢው ጠቃሚ ነው። ለጭነት እንደሚፈልገው ነግሮ፣ ሻጩም «ይችላል» ብሎ የሸጠለት ሞተር ለጭነት የማይሆን ከሆነ የአምራቹ ደብተር ምንም ቢል በሻጩና በገዢው መካከል ያለው ውል ይኸው ነው።

በዚህ ሕግ የሚጠየቀው ወገን ብቸና ወይም ሞጣ ላይ ሱቁን የከፈተው ነጋዴ ነው። አምራቹን ህንድ ወይም ቻይና፣ አስመጪውን አዲስ አበባ መፈለግ አያስፈልግም። የወረዳው ፍርድ ቤትም በእግር የሚደረስበት ነው። «እኔ የሸጥሁት እንጂ የሠራሁት አይደለም፤ ጋራንቲው የካምፓኒው ነው» የሚለው የተለመደ መልስ በአምራቹ ዋስትና ረገድ ትክክል ቢሆንም በሽያጭ ሕጉ ረገድ መከላከያ አይሆንም። ሻጩ በውል ኃላፊነቱን ማጥበብ ይችላል፤ የሚያውቀውን ጉድለት ደብቆ ከሸጠ ግን የማጥበቢያው ቃል አይጠቅመውም።

ሕጉ ገዢውንም ይጠይቃል። ዕቃውን እንደተረከበ ዕድሉን ባገኘ ጊዜ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ምንነቱን ለይቶ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክሱን ማቅረብ ያለበት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሆነ ቁጥር 2298 ይደነግጋል፤ ሻጩ ያታለለው ከሆነ ብቻ ይህ ይቀራል። የአገሬው ልማድ በዚህ ላይ ገዢውን ይጎዳዋል። ጉዳዩን በሽማግሌ መያዝ፣ «ይሠራልሃል፣ ትንሽ ታገሥ» የሚለውን ቃል ማመን መልካም ጠባይ ነው። ማስታወቂያው በቃል ብቻ ሆኖ ወራት ካለፉ በኋላ ግን መቼ እንደተነገረ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

ከዚህ የጠነከረው መብት ያለው በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውስጥ ነው። ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና ወይም ሕግ ቢኖር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። የአምራቹ ደብተር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ጥገና ወይም የተበላሸውን ክፍል መለወጥ ብቻ ስለሆነ የአዋጁ መብት በጣም ይሰፋል። ጊዜው ግን አጭር ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስ በወሩ የሚደረግ ከሆነ ባለሙያ ሞተሩን ከማየቱ በፊት 15ቱ ቀን አልፏል። አዲሱን ሞተር «ለበዓል» ብሎ ሸፍኖ የሚያስቀምጥ ገዢ መብቱንም አብሮ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል።

ከዚህም የሚከብደው «ሸማች» ማን ነው የሚለው ነው። አዋጁ ሸማች የሚለው ለማምረት ሥራ ወይም መልሶ ለመሸጥ ሳይሆን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰውን ነው። ለልጁ ትምህርት ቤት መመላለሻ የገዛ አባት ያለ ጥርጥር ሸማች ነው። ወረዳው ለባለሙያዎቹ የገዛው ሞተር በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ መሥሪያ ቤቱ የተፈጥሮ ሰው አይደለምና መብቱን የሚያገኘው ከጨረታ ሰነዱና ከውሉ ነው። ሰው እያመላለሰ የሚተዳደረው ወጣት መካከል ላይ ይቀራል። አያመርትበትም፣ መልሶም አይሸጠውም፤ ነገር ግን «ለግል ፍጆታ» ገዛው ማለትም ያስቸግራል። የኪራይ አገልግሎትን የሚያስቀር ደብተር የያዘ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል ጥላው ይሳሳል። ለእርሱ አስተማማኙ መሠረት ገዢው ለምን ዓላማ እንደገዛ ሳይለይ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

የጥገና ቦታን በግዴታ መወሰን በሌላ አገር አከራክሮ መልስ ያገኘ ነገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ ዋስትናውን ገዢው በስም የተጠቀሰ መለዋወጫ ወይም አገልግሎት በመግዛቱ ላይ እንዳይመሠርት ይከለክላል፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ ካቀረበ ወይም ልዩ ፈቃድ ካገኘ በቀር። የወኪል ጋራዥ በሌለበት ከተማ ይህ ጥያቄ ከአሜሪካ ይልቅ የሚብስ ይመስላል።

ደረሰኙና የታጎለው ጊዜ

መብቱ በየትኛውም ሕግ ቢቆም ማስረጃው ደረሰኝ ነው። የገዢው ስም፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ቀኑና የተከፈለው ትክክለኛ ዋጋ የሌለበት ደረሰኝ 15ቱን ቀንም ሆነ አንዱን ዓመት ለመቁጠር አይረዳም። ዋጋውን አሳንሶ ደረሰኝ መቁረጥ የሚጎዳው የታክስ ሰብሳቢውን ብቻ አይደለም። ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅ ገዢ በእጁ ያለው ጽሑፍ የሚናገረው የተቀነሰውን ዋጋ ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረውን በምስክር ማፍረስ ደግሞ ቀላል አይደለም። በደላላ አማካይነት በሌላ ሰው ስም የተገዛ ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ሊብሬው በአንዱ፣ ደብተሩ በሌላው ስም ሲሆን ወኪሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «አንተ ማን ነህ?» የሚል ይሆናል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጀ ወዲህ ደግሞ በክልሉ መንገድ የተዘጋበትና ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። ሞተሩ ቆሞ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ የደብተሩ ወራት መቁጠራቸውን አላቆሙም። የኪሎ ሜትር ጣሪያው በዚህ ጊዜ ለባለቤቱ ደህና ነበር፤ የጎዳው የቀን ጣሪያው ነው። ስለ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚናገሩት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥሮች 1792 እና 1793 የተጻፉት ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ተዋዋይ ነው። ሰርቪስ ማድረግ የባለቤቱ ግዴታ ነው ከተባለ ሊጠቅሙት ይችላሉ፤ ዋስትናውን ለማግኘት የተቀመጠ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው ከተባለ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ደብተሮቹ በዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

በሁለቱ ሕጎችና በደብተሩ መካከል የሚጨመቀው የከተማው ነጋዴ ነው። ለገዢው ገንዘብ ከመለሰ እርሱ ደግሞ ከአስመጪው የሚጠይቅበት ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ ያ ከሌለው ኪሳራው በእርሱ ላይ ያርፋልና መጀመሪያውኑ እምቢ ማለትን ይመርጣል። የሚያስቆጣው እምቢታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስ ይዘት ግን ዘይት መለወጥ፣ የቫልቭ ክፍተት መለካት፣ ሰንሰለት ማስተካከልና ብሎን ማጥበቅ ነው፤ መለኪያና ኦሪጅናል ዘይት ያለው የሠለጠነ መካኒክ ሞጣ ላይ ሊሠራው ይችላል። አስመጪው ለአንድ የሞጣና ለአንድ የብቸና ጋራዥ የውክልና ደብዳቤና ማኅተም ቢሰጥ ደብተሩ በዚያው ከተማ ይታተማል፤ ነጋዴውም ከአስመጪው ጋር በሚፈርመው የአቅርቦት ውል ላይ ይህን አንድ አንቀጽ ማስገባት ይችላል።